እጥፋት

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ከሰዓት በኋላ፤
ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ፣ ውስጡ የእንፋሎት ቆላ።
የሆስፒታል አንሶላ በጋሪ ይገባል፤
ሲገባ የሰው ሕመም፣ ሲወጣ ሳሙና ይሸታል።
ላፕቶፔን ጭኜ ከማድረቂያው አጠገብ ተቀምጫለሁ፤
ሚስተር ፔነር «ልግዛ ወይስ ልተወው?» ብሎኝ አሰላለሁ።

የሚገዛው ማሽን ስሙ አንሶላ አጣፊ፤
አንዷ ፊደል ብትስት የሚሆነው አጥፊ።
ዋጋው መቶ ሰማንያ አምስት ሺህ፣ ዕድሜው ሰባት ዓመት፣
በየዓመቱ የሚያድነው ሠላሳ ስምንት ሺህ፣ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት።
ፔነር አባዛው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በጣቱ ቆጥሮ፦
«ትርፍ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ኖሮ?»

ቆይ፣ አልኩት።
የዛሬ ሰባት ዓመት የምትመጣ መቶ ዶላር፣
በዘጠኝ በመቶ ወደ ዛሬ ስትጓዝ፣ በየኬላው ስትገብር፣
ደጅህ የምትደርሰው ሃምሳ አራት ከሰባ ሳንቲም ሆና ነው፤
ቀሪዋ ላም አለኝ በሰማይ ናት፤ ወተቷን ማን ቀመሰው?

አልገባውም። ምሳሌ ፍለጋ ቀና ስል፣
ኤርሊንዳና ብርዛፍ፣ አንድ አንሶላ በአራት እጅ፣
ይራራቃሉ፣ ይወጥራሉ፣ ይገናኛሉ፣ ጫፍ ከጫፍ፤
ግማሽ።
ሩብ።
ስምንተኛ።
አንድ አልጋ የሞላው ጨርቅ
መዳፍ ላይ ተኛ።

«ያውልህ፤ ሰባቱ ዓመት አንሶላ ነው፤
እያጠፍን፣ እያጠፍን፣ በዛሬ መደርደሪያ ልክ እናሳንሰው።
የታጠፈው ከዋጋው ከበለጠ፣ ግዛ፤
ካነሰ ግን፣ ለምኞትህ አትገዛ።»

ሠራሁት። ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ተረፈ፤
የፔነር ግንባር፣ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ፣ ሽብሽቡ ረገፈ።

ያኔ ነው መስመሩን ደግሜ ያየሁት፦ «ቁጠባ»።
ቁጠባው ከየት ገባ?
የመብራት አይደለም፣ የውሃ አይደለም፤
የአንዲት ሴት ደመወዝ ነው፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ስም የለም።
ከሁለቱ አንዷ። የትኛዋ?
ሰንጠረዡ አይጠይቅም።

ብርዛፍ ሰምታናለች መሰለኝ። በአማርኛ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣
«ይሄ ማሽን የተቀደደውን ከደህናው ይለያል ወይ?
ከመቶው አምስቱ ቀዳዳ ነው፤
እኛ በጣታችን እናውቀዋለን፣ ሳናየው።»

ጥያቄዋ በዓመት ሁለት ሺህ ዶላር ወጪ ሆነ።
አስገባሁት። ቁጥሩ ቀይ ለበሰ፤
ሦስት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት፣ ከዜሮ በታች፣
ልክ እንደ ውጪው።

ፔነር ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፦ «ዘጠኙን ስምንት አድርገው።»
«ለምን?»
«ዘጠኝ የአንተ ፍርሃት ነው። የእኔ ፍርሃት ስምንት ነው።»

ስምንት አደረግሁት። ሁለት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ፣ በጥቁር።
መልስ አልነበረኝም፤ መጪውን ጊዜ ማን ለክቶት ሊናገር?
ሁለቱንም ገጽ አትሜ ሰጠሁት፣ ከሥራቸው ስሜን ጽፌ፤
ቃሌን አላጠፍኩም፤ ግን ምን አጠፋሁ፣ አጥፌ አጥፌ?

ማሽኑ በሚያዝያ ገባ።
ዛሬ ከመጋቢያው ጫፍ አንዷ ብቻ ቆማለች፤
ቀዳዳ በጣቷ ትለቅማለች።
የትኛዋ እንደ ሆነች አልናገርም።

እሁድ ማታ፣ ቤቴ፣ የራሴን አንሶላ ብቻዬን ለማጠፍ ሞከርኩ፤
አንዱን ጫፍ በአገጬ፣ ሌላውን በእጄ፣ ክንዴን እስከቻልኩት ወጠርኩ።
ማዕዘኑ አልገጥም አለኝ።
ጠቅልዬ ቁምሳጥን ውስጥ ወረወርኩ።