ከዋሻው ወዲህ

የአሥራ ሁለት «ለ» ክፍል ምኞት ሰብሳቢ ነኝ፤
«የእጅ ጽሑፉ ያምራል» ተብሎ ነው ይህ ሥራ የደረሰኝ።
ካምናው ፈተና ወረቀት፣ ከነጩ፣ ከጀርባው፣
ስድሳ አንድ ቁራጭ በምላጭ ቆረጥኩ፤ እኩል ነው ቁመቱ ለሀብታም ለድሃው።
«ስም ጻፉ፣ ትዝታ፣ ወደፊት የምትሆኑትን፤
በሦስት መስመር ብቻ፣ ቦታ የለም» አልኩኝ፣ እንደሚያውቅ ሰው ነገን።

ደብረ ሲና ጭጋግ ሲወርድ ከጣርማ በር፣
ሰልፍ ላይ ቆመን እንኳ ባንዲራው አይታይም ነበር፤
ገመዱ ብቻ ነው ከብረቱ ሲማታ የሚሰማን፤
መዝሙሩን ጨርሰን «ተሰቅሏል» እንላለን፣ ሳናይ አምነን።
ሚኒ ሚዲያው ደግሞ፣ ያ ጉሮሮው የታመመ ድምፅ ማጉያ፣
የልደት ምኞት ሲያነብ እንኳ ይመስል ነበር የመርዶ መንገሪያ።

ቤተ ሙከራችን ቁልፉ ጠፍቶ ከረመ፤
መምህር ዘውገ በመስኮት እየጠቆመ፣
«ቢከሯ ያቻት፣ ቡሬቱም ያውና» እያለ ደከመ።
አፍንጫችን በመስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣
ኬሚስትሪ እንዲሁ አለፈ፣ በትንፋሽ ተጽፎ።

ከሁሉ ቀድሞ ያመጣው ወንድይፍራው ነው፤ «ፓይለት» ነው ያለው፣
የጣርማ በርን ጥምዝምዝ በአውቶቡስ ሲወጣ ሎሚ ይዞ የሚያሸተው።
ኑሪያ «መድኃኒት ቀማሚ፣ ያውም ለስኳር» አለች፣
የአባቷን መርፌ በእንስራ ውኃ እያቀዘቀዘች ያደገች።
ይታገሱ ግልጽ ነው፦ «አይሱዙ መግዛት፤ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት መጫን፤
ዲግሪውን ለሚፈልግ ስጡልኝ።» ሳቅን።
ማስተዋል፣ ያቺ ዝምተኛ፣ ተራራው በክረምት ተንሸራቶ
ቤቷን በአንድ ሌሊት የወሰደባት ጎትቶ፣
«ጂኦሎጂስት» አለች፤ ከሥሩ በእርሳስ፣ በትንሹ ጨምራ፣
«ለምን እንደተነሳ ፊት ለፊት ልነጋገር፣ ከተራራው ጋራ።»
ሃያ ሰባት «ዶክተር»፣ ዘጠኝ «ኢንጂነር»፣ ሁለት «እግዜር ያውቃል»፤
አንዱ ስሙን ሳይጽፍ «ከዚህ መውጣት» ብቻ ብሏል።

እታፈራሁ ዘገየች። ሦስት ቀን ጠየቅኳት፤
ከትምህርት መልስ አውቶቡስ ሲደርስ ቆሎ ይዞ መሮጥ አለባት።
የመስኮት ሒሳብ ነው የሳላት፤ ሹፌሩ ማርሽ ሳያስገባ የመቶን መልስ
በአንድ ትንፋሽ ቆርጣ የምትመልስ።
አንዳንዱ ሳይከፍል ይነዳል፤ ትሮጣለች ዩኒፎርሟን ሰብስባ፣
እስከ ጥምዝምዙ ድረስ፤ ከዚያ ቆማ የቀረውን ትቆጥራለች፣ ሳታነባ።
በመጨረሻ አመጣች። አንድ መስመር ናት፦
«አንድ ቀን ከመስኮቱ ውስጥ ሆኜ ቆሎ ልግዛ፤ ሳልጣደፍ፣ ተደግፌ፣ እንደ እመቤት።»

ሐምሌ ሲገባ ጫኑን ለፈተና፣ ወደ ደብረ ብርሃን፤
ብርድ ልብስ፣ በሶ፣ ምርቃት፤ ፖሊስ ለስልክ ሲፈትሸን።
አምና ከኛ ትምህርት ቤት ያለፉት ሦስት ናቸው። ማንም አላነሳውም፤
እንደ ብርድ ገብቶ ከመሃል ተቀመጠ፤ ማንም ቦታ አልለቀቀለትም።

መናኸሪያው ጋ ቆመ። እናቷ ናት ወደ መስኮቱ የመጣችው፣
ሳህኗን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ልጇን ሳታያት፣ «ቆሎ! ሱፍ ያለው!»
«የሃያ ስጪኝ» አለች እታፈራሁ፣ ድምጿን ለውጣ፣ እንደ እንግዳ፣
ተደግፋ፣ ሳትጣደፍ፣ ጭጋግ በሞላው ማለዳ።
እናት ቀና አለች። መጀመሪያ ሳቀች። ኋላ ሳህኑን ሙሉ ገለበጠች ከእቅፏ፤
ብሩን ግን አልነካችም፤ ዞራ ሄደች፣ የነጠላዋ ጫፍ ካፏ።

ቆሎው እጅ ለእጅ ዞረ፣ እስከ ኋላ ወንበር፣ እፍኝ ሳይሞላ።
ዋሻው ሲውጠን ጨለመ። ሌላ ጊዜ እንጮህ ነበር፣ ለማስተጋባት፤
ዛሬ የተሰማው ቆሎ ነው፣ በስድሳ አንድ አፍ ሲደቅ ቀስ ብሎ፣
እንደ ጠጠር መንገድ፣ በሌሊት ሰው ሲሄድበት።

የኔን ቁራጭ አልጻፍኩም፤ ኪሴ ውስጥ ናት፣ ሁለት ታጥፋ።
ብርሃን ሲመጣ አወጣኋት። ከጀርባዋ የአምናው ጥያቄ ቁጥር ስምንት፣
የማን እንደሆነ የማላውቀው ስሕተት፣
በቀይ ተሰርዞ፣ ግማሹ በላቤ የጠፋ።
እስክሪብቶ ጠየቅኩ፤ ኑሪያ አቀበለችኝ። መኪናው ይንጠኛል።
ስሜን ጽፌ፣ «ትዝታ» ከሚለው አጠገብ «ቆሎ» አልኩ፤
ቀሪው ይቆየኛል።