እርግፍ አድርጎ

ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን ጨርሶ፣
ከጎማ ጠጋኙ በስተግራ ታጥፎ፣
በዛገ ቆርቆሮ በታጠረ ግቢ
ሰባት የፖም ዛፎች።

"አሉኝ" እላለሁ እንጂ፣ ግቢው የቀበሌ፣
ተከላው የአባቴ፣
ፍሬው የሰፈር ልጅ፣ ገሚሱም የወፍ ነው፤
ሒሳቡ ሲሰላ ለኔ የሚተርፈው
ቅጠሉ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ነው፣
ጥላሸት የነካ ጣት ዳብሶት ያለፈ የሚመስለው።

አባቴ ከጨንቻ፣ በአውቶቡስ፣ ሁለት ቀን፣
ችግኙን በእርጥብ ጆንያ፣ ጆንያውን በጭኑ
አቅፎ ነው ያመጣው።
እሱ ካረፈ ነሐሴ ላይ ሁለት ዓመት ሞላው።
ኮቱ ምስማር ላይ ነው፤
ስልኩም አልተዘጋም፤ ካርድ እሞላበታለሁ፣
ማንም አይደውልም።

በህዳር አስራ አንድ መጣ አቶ አንጁሎ፣
ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል፣
ድርና ማጉን ለአንድ ቀን ጥሎ።
መጀመሪያ ዛፉን አላየም።
አንጋጦ ያየው የመንገዱን መብራት ነው፣
ሌሊቱን ሙሉ ቅጠሉ ላይ የሚያፈጠውን።
"እንዴት ይተኛ ይሄ?" አለ።
"ብርድ አገር ያለ ዛፍ ውርጩ ይነግረዋል፣
ልብስህን አውልቅ፣ ተኛ ይለዋል።
የናንተን ማን ይንገረው?
አሮጌው ሳይወርድ አዲሱ ይበቅላል፤
በሽታው እንደ ኪራይ ቤት ቁልፍ
ካንዱ እጅ ወዳንዱ እጅ ይተላለፋል።
ሸምጥጪው።"

"አረንጓዴውን?"
"አረንጓዴውንም።"

ሽምጥጥ አድርጎ ካደ፣ ይባላል ስለ ሰው፤
ቃሉ ዛፍ ላይም እንደሚሠራ ያን ቀን ነው የገባኝ፦
አውራ ጣትና ጠቋሚ፣ ከግርጌ ወደ ጫፍ፣
ቡቃያዋን ሳይነኩ፣ ቅጠሉን ብቻ፣ ጥርግ።
መዳፌ ላይ ሲቀር ገና ይሞቅ ነበር፣
ፀሐይ ይዞ።

ስድስቱን ጨረስን።
ሰባተኛው ጋ ስንደርስ "ይበቃል" አልኩት።
አባቴ በእጁ ያዳቀለው ነው፤
ቁስሉን የጠመጠመበት የፌስታል ቁራጭ
እስከ ዛሬ አለ።
አቶ አንጁሎ ዝም አለ።
ዝምታው ውስጥ ግን በልግ ነበር፣
ከሰባተኛው ወደ ስድስቱ የሚፈናጠር ዝናብ።
ሲወጣ፣ በሩ ላይ፣ እንዲህ ብቻ አለኝ፦
"እንዳታቃጥይው። እሳት የአንድ ቀን በላተኛ ነው፤
አፈር ዓመቱን ሙሉ ይበላል።"

በነጋታው ህዳር ሲታጠን
ሰፈሩ ጥራጊውን በየደጁ ለኮሰ፤
ያያቶቻችንን ወረርሽኝ ለማባረር
ፒያሳ ሙሉ ጭስ ለበሰ።
እኔ አንድ ኪሎ ዩሪያ በሃያ ሊትር ጀሪካን በጠበጥኩ፣
ክምሩን አራስኩት፣
ክንድ ተኩል ቆፍሬ ቀበርኩት።
ወይዘሮ አስካለች በአጥሩ ቀዳዳ፦
"ምነው ልጄ፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ?"
"ጭሱ ነው" አልኳት።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ፤
የወደቀ ቅጠል ላይ ግን በሽታ ነው የሚያድረው፣
በጋውን ተኝቶ፣
የመጀመሪያዋን ካፊያ እየጠበቀ።

ስድስት ራቁት፣ አንድ የለበሰ።
ልጆቹ "ደረቀ እንዴ?" እያሉ
በቆርቆሮው ሽንቁር አጮለቁ።
ወፎቹ እንኳ ሰባተኛው ላይ ተጨናነቁ፣
እንደ መጨረሻ ታክሲ።

በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
የአባቴን ኮት ደርቤ ወጣሁ፣
በርጩማ ላይ ቆምኩ።
ፋኖስ አላስፈለገኝም፤ የመንገዱ መብራት
ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።
ከታችኛው ቅርንጫፍ ጀመርኩ፣
እሱ ሲቆም ትከሻውን ከሚነካው።
አንዱን በዝግታ፣ ሁለቱን፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩ፤
ሊነጋ ሲል ክንዴ ዝሎ፣
ጥፍሬ ጠቁሮ፣
እርግፍ አድርጌ ጨረስኩት።

ሳምንት ሄደ፣ ሳምንት መጣ።
ከዚያ በአንድ ጠዋት ምስር የምታክል እንቡጥ
ስድስቱም ላይ፤
ሰባተኛው አራት ቀን ዘግይቶ፣
ከፌስታሉ በላይ።

ስልኩን ግን አልዘጋሁትም።
ትናንት ሃምሳ ብር ሞላሁበት።