አጥሩ ሲነቀነቅ

ኪርያት ጋት፣ ከክሊኒኩ ምድር ቤት፣
ከራጁ ማሽን ጎን፣ ከእርሳሱ በር ፊት፣
አንድ ኮምፒውተር አለ፣ አቧራ የሳበ፣
እንደ አጫሽ ሰው ጥርስ ዳር ዳሩ የወየበ።

ጠዋት ሲቀሰቀስ ሰባት ደቂቃ ያቃስታል፤
እኔ ሻዬን ስጨርስ እሱ ዓይኑን ይገልጣል።
አንዴ ከነቃ ግን፣
የወይዘሮ ሲምሓን ዳሌ፣
ከስኩተር የወደቀ የፒዛ አመላላሽ ትከሻ፣
የሰዉን ስብራት አጥርቶ ያሳያል፤
የራሱን ስብራት ማን ራጅ አንስቶ ያያል?

ሴምዮን ነው የተከለው፣ ከካርኮቭ የመጣ፣
ሲስቅ የወርቅ ጥርሱ ከጢሙ ሥር የሚወጣ።
የይለፍ ቃሉን ጽፎ ከቁልፎቹ ሥር ለጠፈ፣
ስልኩንም ከጎኑ በቀይ ቀለም ጻፈ።
«ቸኮል፣» አለኝ፣ «የሚሠራ ነገር አይነካም።»
እኔም አልነካሁም። ማንም አልነካም።

በቀደም ብደውል አንዲት አበባ ሻጭ አነሳች፤
«ለሠርግ ነው ለቀብር?» ብላ ጠየቀች።
ገና አልለየለትም አልኳት።

ቸኮል የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።
የኔን ስም ለማደስ አንድ ደቂቃ በቃ፦
መቀበያ ማዕከል፣ አንዲት ጸሐፊ፣ አንድ እስክሪብቶ፤
ቸኮል ሆኜ ገባሁ፣ ኢታማር ሆኜ ወጣሁ፣
ፈቃዴን ማን ጠይቆ!
ይህን ሳጥን ለማደስ ግን
ሃያ ዓመት ሙሉ ኮሚቴ ይቀመጣል፤
ኮሚቴው ይነሳል፣ ሳጥኑ ይቀመጣል።

ጻፍኩ። ጠየቅሁ።
ማሽኑን የሠራው፣ «ፕሮግራሙን ብትነኩ ዋስትናው ይቀራል።»
ፕሮግራሙን የሠራው፣ «ድጋፉ አብቅቷል፣ አዲሱን ግዙ» ይላል።
ሥራ አስኪያጇ ራኬፌት «በጀቱ ለከርሞ» ትላለች፤
ከርሞ ሲመጣ ለሌላ ከርሞ ታሻግራለች።
ከሚኒስቴሩ አንድ መስመር ደረሰኝ፦
«ጥንቃቄ ይደረግ።»
ይደረግ! አድራጊ የሌለው ግሥ።

የሁሉንም እጅ ራጅ ቢያነሱት
ጣት ብቻ ነው፣ ትከሻ የለበት።
ኃላፊው ማን ነው ብዬ በየበሩ ባንኳኳ፣
ሁሉም ኃላፊ ነው፣ ሁሉም አላፊ ነው ለካ።

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ ሌሊት፣ አጥሩ ተነቀነቀ።
ሰሜን ያለ ሆስፒታል ፋይሉ ሁሉ ታሰረ፣
መፍቻው ገንዘብ ነው ተባለ።
የኛም ስክሪን አንዴ ብልጭ፣ አንዴ ጥፍት አለ።
ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ አባቶች፤
ታዲያ የተናቀው ማን ይሆን?
ባለቤት የሌለው ቤት በማን ስም ይቀየም?
ጎንበስ አልኩና
ሰማያዊውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት።
ይኸው ነው ጥበቃችን፤ የኔ ሁለት ጣት።

ከዚያ ወዲህ ገመዱ እኔ ነኝ።
ምስሉን በዲስክ ቀድቼ፣ በሸሚዜ ኪስ ከትቼ፣
አርባ ሁለት ደረጃ ወደ ዶክተሯ እወጣለሁ።
የሲምሓ ዳሌ ደረቴ ላይ፣ ቀዝቃዛ።
ጉልበቴም ማቃሰት ጀምሯል፤
የደረጃውን ድጋፍ ስይዝ
ድጋፉም ይወዛወዛል።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንሽ አርፋለሁ። በመስኮቱ፣
ከከተማው ዳር፣
የኮምፒውተር አንጎል የሚፈለፈልበት ፋብሪካ
ሌሊቱን እንደ ቀን ያበራል።
እዚህ ድረስ ግን ብርሃኑ እንጂ ሌላ አይመጣም።

ትናንት ደብዳቤ ደረሰ። ፖስታው ላይ
«ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል።
ከራኬፌት ጠረጴዛ ወደ ጸሐፊዋ፣
ከጸሐፊዋ ወደ በሩ ጥበቃ፣
ከጥበቃው ወደ ምድር ቤት ወርዷል፣
ሳይከፈት።

ሻዬን አስቀመጥኩ። ሳጥኑ ገና ያቃስታል።
መነጽሬን አደረግሁና ከፍቼ
ተመለከትኩት።