ቃለ ጉባኤው ያልያዘው

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የሚባል እጽፋለሁ፣
ያልተባለውንም በዝምታ አልፋለሁ።
ዛሬ ግን አልቻልኩም፤ ጣቴ ጨው ጨው ይላል፣
ካልጻፍኩት የጻፍኩት እጅጉን ይቀላል።

የካቲት መጨረሻ፣ በስንዴው አገር፣
በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በዋራኪን መንደር፣
የቆርቆሮው ጣራ ይንጣጣል በሐሩር።
አሮጌው አዳራሽ ሰባ ወንበር ሞልቶ፣
አንድ ማራገቢያ ይዞራል አቃስቶ።

ኢሞጅን ትባላለች፣ ከካንቤራ የላኳት፣
እንቅልፍ ያጣች ልጅ፣ ትሕትና ያላነሳት።
«ብሔራዊ ማዕቀፍ፣ ለእርሻ ዘላቂነት»፤
ሦስተኛው ረቂቅ፣ ሲታረም የቆየ ሁለት ዓመት።
አፈር በመለኪያ፣ ከብት በደኅንነት፣
ካርቦንም በቁጥር፣ አርባ ሁለት መስፈርት፣
ከየመስፈርቱ ጎን አንድ ባዶ ሣጥን፣
ምልክት የሚጠብቅ።

«ዘላቂ» ስትል ሰማሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ፣
ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ጊዜ ጻፍኩ።

ከኋላው ረድፍ ግን፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ፣
ቆዳው የተጋገረ በዚያ አገር ፀሐይ፣
ደዝመንድ ትረሎር ተነሣ ቀስ ብሎ፣
ሰባ አንድ ዓመቱን በወገቡ አዝሎ።

«ልጄ፣ ያኔም» አለ፣ «ማዕቀፍ ነበረን፤
‹ያልመነጠረ ሰው መሬቱን ይለቃል› የሚል ደብዳቤ ደረሰን።
አባቴ ታዘዘ። በሁለት ትራክተር መሐል ሰንሰለት ዘርግቶ፣
ጫካውን ገሸለጠው፣ እንደ በግ ቆዳ ጎትቶ።
እኔ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ከኋላ እየተከተልኩ፣
ከወደቀው ዛፍ ላይ የወፍ ዕንቁላል ለቀምኩ።
ስንዴው ጥሩ ሆነ። ዋንጫም ሸለሙን።
ዋንጫው ዛሬም አለ፤ ምስማር እናኖርበታለን።

ዛፉ ሲጠጣው የኖረ የከርሰ ምድሩ ውኃ፣
ጠጪ አጣና ወጣ፤ አድርጎን ሄደ ድሃ።
ብቻውን አልወጣም፤ ጨውን አዝሎ መጣ፣
ታችኛው ማሳዬ በአንድ ክረምት ሽበት አወጣ።»

(የሚጣል ጨው ነበር በምናውቀው ተረት፤
እዚህ ግን ጨው ቀረ፣ የተጣለው መሬት።)

የሻይ ቆርቆሮ ነው ከቦርሳው ሥር አውጥቶ፣
በረቂቁ ገጽ ላይ ገለበጠው አንኳክቶ።
«ይኸኛው ዘላቂ ነው፤ ስልሳ ዓመት ዘልቋል።
የትኛው ሣጥን ላይ ምልክት ይደረጋል?»

ያን ሁሉ ጨዋ ሰው ጨው አፉን ያዘው።
ማራገቢያው ብቻ ነጩን ብናኝ ይዞ
በየሰዉ ትከሻ አለፈ ተጉዞ።

ሉርሊን ተናገረች፣ የኑንጋሮች ልጅ፣ ጅረት ጠባቂዋ፤
ድምፅ አላሰማችም፣ ስትነሣ ወንበሯ።
«አነበብኩት» አለች፣ «ሁለት ሌሊት ሙሉ፤
‹ዕፅዋት› ነው የሚለው፤ ስም የለውም ቃሉ።
ሕዝቤ ለዚህ ምድር መስፈርት አልጻፈም፣
ስም ሰጠው እንጂ፤ የዛፍ፣ የጅረት ስም።
ስሙን የጠራ ሰው ሰንሰለት አይስብም።»

«ባንኩስ?» አለ ኮርማክ፣ ገና ጎልማሳ ነው፣ ዕዳው ግን ሽማግሌ፤
«ባንኩ በዛፍ ስም ወለድ ይቀንሳል? ማን ይከፍላል ስለ እኔ?»
ለዚህ መልስ አልነበረም። አሁንም የለም።

ኢሞጅን ጣቷን ከጨዉ አስነክታ ቀመሰች።
ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ ከጨዉ ይሁን ከድካም አልገባኝም።
«ሣጥኑ የለም» አለች። «አርባ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ የለም።
የመጨረሻው አውቶቡስ ይሂድ። ወንበሩን አቅርቡት።»

እስከ እኩለ ሌሊት፣ በተሰነጠቀ ጠረጴዛ ዙሪያ፣
የሥር ጥልቀት፣ የዕዳ ቁመት፣ የማን ጥፋት፣ የማን ሥራ፤
ሁለቴ ተጣሉ። አንዴ ሣቁ። ትረሎር የዛፎቹን ስም
ከሉርሊን አፍ እየተቀበለ ሲያነበንብ አጠራሩ ሲበላሽ፣
እሷ ስታርመው፣ እንደገና ሲል።

ቃለ ጉባኤዬ ይህን ብቻ ይላል፦
«አጀንዳ አራት። ውይይት ተደረገ። ረቂቁ ለእርማት ተመለሰ።»
ሌሊት ስገለብጠው ብዕሬ ደክሞት
«ማዕቀፍ» ልል አስቤ፣ አንዲት «ዕ» ዘልዬ፣
«ማቀፍ» ሆኖ ቀረ።

አየሁት።
አላረምኩትም።