ቆመሽ ዋሺኝ

ሐሙስ ሐሙስ፣ ዐሥር ሰዓት ሲሆን፣
ከባሕር ዳር ትደውላለች። «ትሁን!» ትላለች።
ጥሪ ይሁን ፍርድ፣ ምርቃት ይሁን፣ አልለየሁም።

ፊቷን አላውቀውም፤ ድምጿን ነው የማውቀው፣
ከኋላዋ ባጃጅ ሲጮህ፣ ወንበሯ ሲንቋቋ፣
እስክሪብቶ ስትፈልግ «አንዴ ቆዪኝ» ስትል።
ሲስተር ይርገዱ ናት።

እኛ ሰፈር ስልክ ማለት የእጅ ባትሪ ነው፤
ኔትወርክ የሚገኘው ከቁንዝላ በላይ፣
ከጉብታው ጫፍ፣ ከዋንዛዋ ሥር ነው።
እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣
ስልኩን በሁለት እጄ እንደ ጫጩት አቅፌ
እጠብቃታለሁ።

«ውኃ ጠጣሽ?» ትለኛለች።
ጣናን ፊት ለፊት እያየሁ! እስከ ሰማይ ጥግ ውኃ፣
ዳሩ እምቦጭ የለበሰ፣ መሀሉ የሚያብለጨልጭ፣
«ስንት ብርጭቆ? አፍልተሽ?»
በልቤ እየሳቅሁ «ስድስት» እላለሁ።
ሁለት ነው።

«እንቅልፍስ?» ደህና ነው።
ሌሊት ሌሊት ግን ጣቴ አንገቴን ይዞራል፣
እንደ ሰፈር ዘበኛ፣ ደጃፍ ደጃፉን፤
እዚህ ዕጢው የነበረበት፣ እዚህ ቢላው የገባበት፣
ምንም የለም። ምንም የለም።
ምንም አለመኖሩን ሊያምን እንደገና ይዞራል።

ሰው ደግሞ «ተረፈች» ይላል።
ካንሰር ማለት ያስፈራዋል፣ «ከዚያ በሽታ» ነው የሚለው፤
ጸጉሬ ተመልሶ፣ ሁለት ክረምት አልፎ፣
በገበያም በልቅሶም ስሜ «የተረፈችው» ነው።
አንድ ቀን ጠየቅኋት፦
«ሲስተር፣ ትርፍ ነኝ ወይስ ትራፊ?»
ዝም አለች። ባጃጁ ጮኸ።
ከዚያ «ቁርስ ምን በላሽ?» አለችኝ።
ሳምንቱን ሙሉ ተናደድኩ።
ኋላ ነው የገባኝ፤
ትራፊን ማን «ቁርስ በላሽ» ብሎ ይጠይቃል?

እርምጃም ትጠይቃለች። «በቀን ስንት ሄድሽ?»
«ሦስት ሺህ።» ማን ያየኛል?
ሰኞ መደብ ላይ፣ ማክሰኞ መደብ ላይ፣
ረቡዕ ደጅ ድረስ ወጥቼ ጉልበቴ ከዳኝ።
እናቴ «እረፊ» ትላለች፤ አባቴ መረብ ሲጠግን
«እስቲ ያዢልኝ» ሊል ይጀምርና ይተወዋል።
እንደ እንቁላል ነው የሚይዙኝ፤
እንቁላል ቀስ በቀስ ምን እንደሚያደርግ ረስተውት።

ባለፈው ወርም «ሦስት ሺህ» አልኳት።
«ትሁን፣ ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ?»
«ተቀምጬ።»
«እንግዲያው ተነሺ። ከዋሸሽም ቆመሽ ዋሺኝ።»

ተነሣሁ። ጆሮዬ ጋለ።
«አልሄድኩም፣ ሲስተር። አንድም ቀን አልሄድኩም።»
«ታዲያ ስልክ ስታነሺ ለምን ታለከልኪያለሽ?»
«ዳገቱ ነው።»
«የምን ዳገት?»
«ኔትወርኩ ያለበት።»

እስክሪብቶዋ ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል ሰማሁት።
ስምንት ወር ሙሉ በድምጿ እየተሳብኩ
ዳገት መውጣቴን እሷ አላወቀች፣ እኔ አልቆጠርኩ።

«ቁጠሪው» አለች።

ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት።
ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከዋሸሁት ሁሉ ያንሳል፤
ግን እግር አለው።

ሰማዩ ሲጠራ ከጉብታው ደቅ ይታያል።
እዚያ አንድ ልጅ አለ፣ ስሙን አልነገረችኝም፣
አንድ እግሩን ሐኪም ቤት ትቶ የተመለሰ።
«ክራንችም እርምጃ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቃት፤
«ነው» አለችው።
አንዳንዴ ስቆጥር፣ ከውኃው ማዶ፣
ጧ… ጧ… ሲል የምሰማው ይመስለኛል።

ትናንት አምስት መቶ ሰባ ስምንት ሆነብኝ።
ደነገጥኩ። ሠላሳ አራቱ የት ገባ?
ጣቴ ወደ አንገቴ ሮጠ።
ስትደውል፣ ሰላምታውን ሳልጨርስ ነገርኳት።
ሳቀች። ሳቋን የዚያን ዕለት አወቅሁት።
«ረዝሞ ነው፣ ትሁን፤ እርምጃሽ ረ…»

ተቋረጠ።

ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቼ አንዲት መስመር ፈለግሁ፣
አንዲትም የለችም። ነፋሱ ከሐይቁ መጣ።
ድንጋዩ እዚያው ነበር።
አልተቀመጥኩም።