በሙሉ ድምፅ

ጥሪው ለሁለት ነው፤ አራት ሰዓት ሆነ፣
ሊቀ መንበሩ የለም፣ የመጣው ተከነ።
ወንበሩ የእድር ነው፣ ተቆጥሮ የመጣ፣
ማይኩ የቀበሌ፣
ግማሽ ቃል የሚውጥ፣ ግማሽ የሚያወጣ።
እኔ ጥግ ይዣለሁ ከጠረጴዛው ጫፍ፤
በመዝገቡ ላይ «ጸሐፊ» እንጂ ይርገዱ አይጻፍ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ያዝኩ፤
የሰፈሩን ቃል ስይዝ የራሴን አስያዝኩ።

ፈርሞ በጓሮ በር ሹልክ የሚል አለ፤
«ያልመጣ ስኳር የለውም» ስለ ተባለ።
ኮረም እንዲህ ይሞላል፣ ሰው ቁጥር ሆኖ፣
አንዱ ለሦስት ፈርሞ።

አጀንዳ አንድ፦ ሪፖርት። ዘጠና ስድስት ከመቶ፤
ጥላዬ አነበበው፣ ሁለቴ አስሎ፣ ውሃ ጠጥቶ።
አጀንዳ ሁለት፦ መዋጮ። አጀንዳ ሦስት፦ ጽዳት።
አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ፤
ሁልጊዜ የሚታለፍ፣ በሰዓት ማነስ ምክንያት።

ጉድጓዳችን የሚኖረው እዚያ፣ ልዩ ልዩ ውስጥ ነው።
ከሱሩር ሱቅ ፊት ለፊት፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ መውረጃው፣
ክዳኑን ቆራሌው ያውቃል፣ አፉን ከፍቶ የቀረው።
ውሃና ፍሳሽ ሄድን፤ «የመንገዶች ነው» አለ።
መንገዶች ሄድን፤ «የቴሌ ነው» አለ።
ቴሌ ስንደርስ ጥበቃው፣ በሩን እንኳ ሳይከፍት፣
«ቀበሌ የላችሁም?» አለ።
ቀበሌማ አለ።
ጉድጓዱም አለ።

ክረምት ሲመጣ ጎማ ከተትንበት፣
በበጋ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተከልንበት፣
ከጫፉ ቀይ ጨርቅ። በዚህ በኛ ሰፈር
እሱ ብቻ ነበር
ያለ ስብሰባ የጸደቀ፣ ያለ ማኅተም የሚከበር።

ማክሰኞ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ጨርቁን ወሰደ።
ሚልካ ከማታ ጥናት ስትመጣ፣ እግሯ ባዶ ላይ ወረደ።
ሦስት ቀበቶ ቀጣጥለን ከቱቦው አፍ ሳብናት፤
ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ጥቁር አንበሳ አደረስናት።
አንድ ጫማዋ እስከ ዛሬ እታች ነው።

«ልዩ ልዩን ለሚቀጥለው፣ ሰዓቱ ስለ ሄደ።
የምትስማሙ፣ እጅ!» አለ ጥላዬ።
እጆች ወጡ፣ ዝናብ እንደ መታው ሣር፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው።
ጋሽ ወልደሰንበት አላወጡም፤
ሱሪያቸውን ይዘው ነበር፣ በሲባጎ ነው የታሰረው፤
ቀበቷቸው በዚያ ሌሊት ተበጥሶ ነው።

«ተቃውሞ?» ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ዝም።
ልማደኛ እጄ ጻፈ፦ «በሙሉ ድም—»
እዚያ ላይ ቆመ።
ዝም ባለ ቤት ውስጥ ሙሉው ድምፅ የቱ ነው?
ከማን ጉሮሮ ወጥቶ እኔ የጻፍኩት ነው?
የሰው እጅ ስቆጥር ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
የእኔ እጅ ብዕር ይዞ አልገባ ከድምሩ።

አነሣሁት። ከነብዕሩ።

«ጸሐፊ ሐሳብ አይሰጥም።»
«እንግዲያው ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ» አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ፤
ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ ቧንቧ ይመስል
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያ ውሃ።
«የቤት ቁጥር አምስት መቶ ዐሥራ ሁለት። ነዋሪ ነኝ።
ጉድጓዱ አጀንዳ አንድ ይሁን። ሪፖርቱ ይቆየን።
ከመቶው የጎደለው አራቱ
እዚያ ውስጥ ነው፤ ከነጫማው።»

ጭብጨባ የለም። ወንበር ተንቋቋ።
ሱሩር ያወጣውን እጅ አወረደ፤ ከጎኑ ያለችውም።
«ክዳኑ ስንት ያስወጣል?» አለ አንዱ።
«ለምን ብለን እኛ እንከፍላለን?» አለች ሌላዋ። ተጣሉ።
ማይኩ የማንንም ቃል አልዋጠ፤ የያዘው አልነበረም።

የተወሰነው ይኸው ነው፦ ሰኞ ጠዋት አራት ሰው
የልጅቱን ራጅ ይዞ ክፍለ ከተማ ይሄዳል።
ቢመልሱን፣ ማክሰኞም።

ስርዝ ድልዝ ያለው ሰነድ አይጸናም ይላል ጥላዬ።
እኔ ግን ሰረዝኩት፣ ያን ግማሽ ቃል፣
ከጎኑ ፈረምኩ፣ ከፊርማው ሥር ስሜን፦
ይርገዱ።

ማታ ሳልፍ ጉድጓዱ አፉን እንደ ከፈተ ነው።
ቅርንጫፉ ላይ አዲስ ቀይ ጨርቅ፤
የማን ቀሚስ እንደ ተቀደደ አልጠየቅሁም።