የጋኑ ላብ

ሽታው ነው ያነቃኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ዴልሚራ በክርኗ ጎኔን ጎሰም አርጋ «ቤንዚን ነው» ስትለኝ።
«ክብሪት እንዳትጭር» ብላ ኮቴን ሰጠችኝ፤
ወጣሁ በዳበሳ።

ዝናቡ አባርቷል፤ ባሕሩ ከታች ያጉረመርማል፣
ከመኪናዬ ሆድ ግን ሌላ ድምፅ ይሰማል፦
ጠብ።
ደግሞ ጠብ።
ሳይቸኩል፣ ሳያርፍ፣
ወለዱን በጣቱ እንደሚቆጥር አበዳሪ።

ውሻዬ ፔሉዶ፣ ከሥሯ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው፣
ለካ ሦስት ሌሊት በጎቹ በረት ነው ያደረው።
ከእኔ ቀድሞ አውቋል።

ሲነጋ በጀርባዬ ተንፏቅቄ ገባሁ።
ዕድሜዋ ስንት ነው? ሠላሳ ስምንት፣
ልጄን ኖርማን እንኳ ትበልጣታለች በሦስት።
የቺሎዬን ድንች፣ በግ፣ ሙሽራ፣ አንዴም ሬሳ
ተሸክማ ኖራ፣ ዳልካሁዌ ገበያ ስትወርድ ስትነሳ።
በየዓመቱ ደግሞ ጋኗን ቀለም ቀባሁ፣
ሰማያዊ፣ ከጀልባዬ የተረፈውን፤
«ጨው አይነካትም» እያልኩ።

ደረቅ ሳሙና ይዤ ቀዳዳውን አሸሁት፤
ሁለት ቀን ታገሠኝ፣ በሦስተኛው አጣሁት።
አንዱን ስደፍነው በሌላ ጎን ሲፈስ፣
እንደ ሰፈር ሐሜት፣ ባንዱ አፍ ሲያዝ በሌላው ሲነፍስ።

በያጁ አቤሊኖ ራሱን ነቀነቀ፦
«በቤንዚን ጋን አልቀልድም። የሚገድለው ባዶ ነው ስትለው ነው።
አውርደህ፣ አጥበህ፣ ደግመህ አጥበህ አምጣው፤
እኔ ሚስቴን መበለት አላደርጋትም።»

ቡሎኖቹ እንቢ አሉ። አንዱ ተሰበረ፣
አንዱም ከነአንገቱ መፍቻዬ ላይ ቀረ።
ማምሻውን ወረደ፣ ደረቴ ላይ፣
እንደ ታመመ ጥጃ ከባድና ቀዝቃዛ።

አቤሊኖ ባትሪውን አበራ። «ና እይ» አለኝ።
ውጩ ያው ሰማያዊ፣ እኔ የቀባሁት።
ውስጡ ቅርፊት በቅርፊት፣ እንደ አሮጌ ዛፍ ልጥ፤
ሁሉም ቀዳዳ ከዚያ ጀምሮ ነው የመጣው።
«ዝናቡ በየት ገባ?»
«አልገባም» አለ። «ሁልጊዜ ከግማሽ በታች ነው የምትቀዳላት?»
ዝም አልኩ።
«ባዶ የበዛበት ጋን ሌሊት ያልበዋል፤
ላቡ ተጠራቅሞ ታቹን ይበላዋል።»

ባሕሩን ስሰጋ፣ ነፋሱን ስረግመው፣
ለካ ባምስት ሊትር፣ ባምስት ሊትር ቁጠባ፣ እጄ ነው የበላው።

አሁን የምነዳው በቢጫ ጀሪካን ነው፣ ከኋላዬ ታስሮ፣
ቱቦው በወለሉ ሽንቁር ዞሮ።
ፖሊስ እንዳያየኝ ገና ሳይነጋ ነው የምወጣው።
ሙሉ ነው ግን። እስከ አፉ።

አሮጌውን ጋን አቤሊኖ ለሁለት ሰነጠቀው፤
ዴልሚራ አፈር ሞልታ ነጭ ሽንኩርት ተከለች።
«ቀዳዳውን ልድፈነው?» ስላት
«ውሃው በምን ሊወጣ?» አለች።

ፔሉዶ ከበረት ተመልሷል።
ጎማው አጠገብ ይተኛል፣ አንድ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ፤
ከሆዷ ሥር ግን ገና አልገባም።